ለዓይን የሚቀርብ ቃል፦ የገለጻ ስላይድ አዘገጃጀት

አንድ ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ስለ አንድ ጉዳይ ሲያስረዳ አድማጩ በጆሮው የሚቀበለው ቃል ወዲያው በሌላ ቃል እየተተካ የሚያልፍ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ያልገባውን ገጽ መልሶ ይገልጣል፤ አድማጭ ግን ያመለጠውን ቃል መልሶ ሊይዘው አይችልም። ንግግሩ ቁጥርን፣ ርቀትን፣ ቅርጽን ወይም የሁለት ነገሮችን ንጽጽር የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ጆሮ ብቻውን ሸክሙን አይችለውም። ስለዚህ ተናጋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ከቃላቸው ጋር ለአድማጩ ዓይን የሚሆን ነገር ሲያቀርቡ ኖረዋል። በዛሬው ጊዜ ይህን አገልግሎት በብዛት የሚሰጠው ስላይድ የሚባለው ነው። ስላይድ ማለት በፕሮጀክተር አማካይነት በነጭ ሸራ ወይም በግድግዳ ላይ ጎልቶ የሚታይ፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ወይም ሁለቱንም የያዘ አንድ ገጽ ነው።

ቃልን ከሥዕል ጋር አጣምሮ ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ ገዳማት፣ ለምሳሌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንዲሁም በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ከሥዕሉ አጠገብ የባለታሪኩ ስም ወይም ድርጊቱ በአጭሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ሰፊው ትርጓሜ ግን የሚሰማው ከካህኑ አንደበት ነው። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ አድርገው ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ግን አንድ ዓይን ብቻ እንዲታይ በጎን ይሥሉ ነበር። ከዚህም የተነሣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ በማየት ጻድቁን ከኃጥኡ ይለያል። ሥዕሉ የካህኑን ትምህርት አይደግምም፤ ካህኑም በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ አይቆምም። ሁለቱ ሥራቸውን ተከፋፍለዋል።

ሥዕልን በብርሃን ኃይል በግድግዳ ላይ የማሳረፍ ዘዴ በአውሮፓ የታወቀው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ በመስተዋት ላይ የተሣለ ሥዕል የሚያሳይ ፋኖስ ያዘጋጀው ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት በፎቶግራፍ ፊልም የሚሠራው ስላይድና ጽሑፍን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ላይ የሚሠራው ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ተለመዱ። እ.ኤ.አ. በ1987 ፓወር ፖይንት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለገበያ ቀረበ። ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርቶት በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ይሠሩ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በዚያው ዓመት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ኮዳክ ደግሞ የፊልም ስላይድ ማሳያ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አቆመ።

ይህ ለውጥ ያመጣው ቅለት ቀላል አይደለም። ቀድሞ አንድ ስላይድ ለማሠራት የሠዓሊና የፎቶግራፍ አንሺ ድካም ያስፈልግ ስለ ነበር ያለ ምክንያት የሚያሠራ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው በአንድ ማምሻ ሠላሳ ስላይድ ሊያዘጋጅ ይችላል። ብዙውን ጊዜም የሚያዘጋጀው ለአድማጩ አስፈላጊ የሆነውን ሳይሆን እርሱ ራሱ እንዳይረሳ የሚፈራውን ነው። ንግግሩን በሙሉ በስላይድ ላይ ይጽፍና ጀርባውን ለጉባኤው ሰጥቶ ያነበዋል። ዓይን ከአፍ ይፈጥናልና ተናጋሪው ሦስተኛውን መስመር ሲያነብ አድማጩ አሥረኛውን ጨርሶ ይቀመጣል። ወይም ደግሞ ለማንበብ ሲል ሳይሰማ፣ ለመስማት ሲል ሳያነብ ሁለቱንም ያጣል። የተጻፈ ቃልና የሚነገር ቃል በአንድ ጊዜ ሲመጡ ሁለቱም የሚገቡት በአንድ በር ነውና ይጋፋሉ። ሥዕልና ንግግር ግን እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

ስለ ስላይድ አሠራር ሲወራ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አለመሆኑን የሚያስረዱ ሁለት ታላላቅ አደጋዎች በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው የቻሌንጀር አደጋ ነው። ይህች የጠፈር መንኩራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከፍሎሪዳ ተነሥታ በ73ኛው ሰከንድ በሰማይ ላይ ተበታተነች። ከሞቱት ሰባት ሰዎች አንዷ ከጠፈር ሆና ተማሪዎችን ልታስተምር የተመረጠችው መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ነበረች። የአደጋው መንስኤ በአንደኛው ሮኬት መጋጠሚያ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት በብርድ ምክንያት ደርቆ የሚነድደውን ጋዝ ማገድ አለመቻሉ ነው። ብርዱ ያልታሰበ አልነበረም። በዋዜማው ምሽት ሮኬቱን የሠራው ፋብሪካ መሐንዲሶች ከዩታ ሆነው 13 ገጽ ሠንጠረዥና ማስታወሻ በፋክስ ልከው ከናሳ ሹማምንት ጋር በስልክ ተወያይተዋል። አስተያየታቸውም ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ከሆነ መንኩራኩሯ እንዳትነሣ የሚል ነበር። በማግሥቱ በተነሣችበት ሰዓት የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ነበር።

መሐንዲሶቹ በዚያ ምሽት ካቀረቧቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ከአንድ ዓመት በፊት በብርድ ቀን በተደረገ በረራ ቀለበቶቹ ክፉኛ መጎዳታቸው ነበር። ሆኖም በ24 ዲግሪ ሙቀት በተደረገ ሌላ በረራም ጉዳት ታይቶ ስለ ነበር፣ ሹማምንቱ በብርድም በሙቀትም ጉዳት ከደረሰ ምክንያቱ ብርድ ነው ማለት አይቻልም ብለው ተከራከሩ። በዚህ ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ያልቀረበ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ምንም ጉዳት ያልታየባቸው በረራዎች ዝርዝር ነው። አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን በኋላ ሁሉንም በረራዎች እንደ ሙቀታቸው መጠን በአንድ ግራፍ ላይ አሰለፋቸው። ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች የተደረጉት አራት በረራዎች አራቱም ጉዳት አለባቸው፤ ከዚያ በላይ ከተደረጉት ሃያ ያህል በረራዎች ግን ጉዳት የታየባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። የተጎዱት ብቻ ሲታዩ ምንም ሥርዓት የሌለው ይመስል የነበረው ነገር፣ ያልተጎዱት ሲጨመሩበት አንድ ሕፃን እንኳ ሊያየው የሚችል ሆነ።

ስለ ሥዕላዊ መግለጫ በመጻፍ የታወቀው ኤድዋርድ ተፍቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ምሽት ገጾች አጥብቆ ነቅፏል። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የነበረው ሮጀር ቦይዦሌና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ነቀፌታው ፍትሐዊ አይደለም ሲሉ በጽሑፍ መልሰዋል። በእርግጥም መሐንዲሶቹ አትነሣ ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህን አስተያየት የሻሩት አለቆቻቸው ናቸው። ጥፋቱን በሰንጠረዡ ላይ ብቻ መጫን የወሳኞቹን ኃላፊነት ማቅለል ይሆናል። ይሁን እንጂ ጊዜ በጠበበበት ምሽት፣ ለመስማት ባልፈቀደ አለቃ ፊት፣ ሁሉንም በረራዎች ያሰለፈ አንድ ገጽ ከ13ቱ ገጾች ይልቅ ለክርክር አስቸጋሪ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በኮሎምቢያ ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ በተነሣች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኩራኩሯ ገና በምሕዋር ላይ ሳለች መሐንዲሶች የጉዳቱን መጠን ገምተው ለሹማምንቱ በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ለመጥፎ ምሳሌነት ይጠቀሳል። አርእስቱ ቀደም ሲል የተደረጉት ሙከራዎች ጉዳቱን ከእውነተኛው አብልጠው እንደሚያሳዩ የሚጠቁም፣ የሚያጽናና ነበር። ከአርእስቱ ሥር ነጥብ በነጥብ ሥር፣ ንዑስ ነጥብ በንዑስ ነጥብ ሥር እየተደረደረ ወረደ። በመጨረሻው መስመር፣ ከአርእስቱ እጅግ ባነሰ ፊደል፣ ዋናው ቁም ነገር ተጽፏል፤ ይኸውም የአሁኑ ፎም መጠኑ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች እንደሚገመትና ሙከራው የተደረገው ግን በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ እንደ ነበረ ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምን ማለት እንደ ሆኑ ለመረዳት በቤት ዕቃ መለካት ይበቃል። ሦስት ኪዩቢክ ኢንች አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ግን ከአንድ ተኩል የውሃ ጀሪካን ይበልጣል። በዚህ ግምት መሠረት ክንፏን የመታት ቁራጭ ከተሞከረው 640 እጥፍ የሚበልጥ ነበርና የቀድሞው ሙከራ ስለ እርሱ ሊናገር የሚችለው ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሲኒውና ጀሪካኑ ጎን ለጎን ተሥለው ቢሆን ኖሮ ከሹማምንቱ ይህን የሚስት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ስላይዱ አጽናኙን ከላይ፣ አስፈሪውን ከታች አኖረ። መሐንዲሶች የክንፏ ፎቶግራፍ በምሕዋር ላይ እንዲነሣ ያቀረቡትም ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተሰባበረች፤ በውስጧ የነበሩት ሰባት ጠፈርተኞችም አለቁ። በዚያው ዓመት በኦገስት የወጣው የመርማሪው ቦርድ ዘገባ፣ ያን ስላይድ የሚያነብ ከፍተኛ ሹም ጉዳዩ የሰው ሕይወት የሚያሠጋ መሆኑን ሳያስተውል ሊቀር እንደሚችል ገልጿል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጠፈር መሐንዲስ ብቻ የሚሆን አይደለም። ጤና ጣቢያ ስለሚከፈትበት ቦታ ለወረዳ ምክር ቤት የሚያስረዳ ባለሙያም ሆነ በክፍሉ ፊት የቤት ሥራውን የሚያቀርብ ተማሪ ያው ችግር ይገጥመዋል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ስለ ወባ ገለጻ እንዲያደርግ ታዘዘ እንበል። መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ስላይድ ብዙውን ጊዜ “ወባ” ወይም “የወባ ስርጭትና ከፍታ” የሚል አርእስት ይኖረዋል። ከሥሩም ወባ ፕላዝሞዲየም በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ እንደሚመጣ፣ አኖፌለስ በተባለች ሴት ትንኝ እንደሚተላለፍ፣ በየትኛው ወር እንደሚበረታ፣ ምልክቱ ምን እንደ ሆነ በአሥራ አራት መስመር ይዘረዝራል። እያንዳንዱ መስመር እውነት ነው። ነገር ግን አድማጩ ከአሥራ አራቱ የትኛውን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ እንደ ተፈለገ አይታወቅም።

በመጀመሪያ አርእስቱን እንመልከት። በአማርኛ ሰዋስው አንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው በማሰሪያ አንቀጹ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል። “የወባ ስርጭትና ከፍታ” የሚለው ሐረግ ማሰሪያ አንቀጽ የለውምና ስለ ወባና ስለ ከፍታ ምን እንደ ተባለ አይናገርም። “ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ነው” ሲባል ግን አንድ የተሟላ ፍርድ ተሰጠ፤ አድማጩም እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ያወርዳል። አርእስትን በተሟላ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ለተናጋሪውም መፈተኛ ነው። ማሰሪያ አንቀጹን ሊያገኝለት ያልቻለ ተናጋሪ ገና ምን ሊል እንደ ፈለገ አልወሰነም።

ከአርእስቱ ሥር አሥራ አራቱ መስመሮች ተነሥተው አንድ ሥዕል ይገባል። ከግራ ወደ ቀኝ እየከፈለ የሚወጣ ተራራ ይሣላል። በተራራው ጎን ላይ ከተሞች በየከፍታቸው ይቀመጣሉ፤ ጋምቤላ በ500 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ በ1,300፣ ባሕር ዳር በ1,800፣ አዲስ አበባ በ2,400፣ ደብረ ብርሃን በ2,800። በ2,000 ሜትር ላይ አንድ ወፍራም መስመር ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። በስላይዱ ላይ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም። የቀረውን የሚናገረው ተማሪው ራሱ ነው። ጥገኛው ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት እንደሚፈልግ፣ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ከሚሆነው ወሰን በታች ሲወርድ አደገኛው የፋልሲፓረም ዓይነት ዕድገቱ እንደሚገታ፣ ከዚህም የተነሣ በደጋው ትንኟ በሽታውን ሳታስተላልፍ እንደምትሞት በቃሉ ያስረዳል። መስመሩ የማይጣስ ግንብ እንዳልሆነና ወባ አልፎ አልፎ ከዚያ በላይም እንደሚታይ መናገር ይገባዋል። ይህን ማስጠንቀቂያ በስላይዱ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል ከመጻፍ ይልቅ በአፍ መናገር ይሻላል፤ የግርጌ ጽሑፍ ምን እንደሚደርስበት ከኮሎምቢያ ታሪክ ታይቷልና።

ሁለተኛው ስላይድ ደግሞ ሁለት ነገሮችን በአንድ መለኪያ ላይ ያሰልፋል። የዓመቱ ወራት ከመስከረም እስከ ነሐሴ በአግድም ይጻፋሉ። ከበላያቸው አንድ ዐምድ ወባ በጣም የሚበረታበትን ጊዜ፣ ማለትም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ያሳያል። ከእርሱ ሥር ሌላ ዐምድ በሁመራና በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨድበትን ጊዜ ያመለክታል፤ ይህም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ሁለቱ ዐምዶች አንዱ ከሌላው ሥር ሲቀመጡ ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይገለጣል። ከደጋ አገር ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሰውነቱ ወባን ያልለመደ ሆኖ ሳለ ወደ ቆላው የሚገባው በሽታው በሚበረታበት ወቅት ነው። ይህን ነገር በሁለት ገጽ ጽሑፍ መግለጥ ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ዐምዶች በሦስት ሰከንድ የሚሉትን ያህል አይልም። እነዚህ ሁለት ዐምዶች በሁለት የተለያዩ ስላይዶች ላይ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ አድማጩ የመጀመሪያውን በልቡ ይዞ ሁለተኛውን ማየት ስላለበት መግጠማቸውን ላያስተውለው ይችላል። እንዲነጻጸሩ የተፈለጉ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ መዋል አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ከውጭ አገር መመሪያዎች እንዳለ መቅዳት ለአማርኛ ጸሐፊ አይበቃም። በግዕዝ ፊደል አንድ ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። “በላ”፣ “ቡላ” እና “ቢላ” የሚሉት ሦስት ቃላት ሲጻፉ ልዩነታቸው በመጀመሪያው ፊደል ቀኝ እግር ላይ ያለች ጭረት ብቻ ናት፤ በ“ቡ” መካከል ላይ፣ በ“ቢ” ከታች ትገኛለች፣ በ“በ” ግን የለችም። “ቤቱን ሸጠ” እና “ቤቱን ሸጡ” የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። ለላቲን ፊደል በኮምፒዩተር መለኪያ 24 ነጥብ ይበቃል በሚባልበት አዳራሽ ለአማርኛ ከዚያ ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። ከማናቸውም መለኪያ ይልቅ የሚታመነው ግን ዓይን ነው። አዘጋጁ ስላይዱን አስቀድሞ በአዳራሹ ውስጥ አብርቶ በመጨረሻው ረድፍ መቀመጫ ላይ ሆኖ ማንበብ አለበት። መስኮቱ መጋረጃ ከሌለውና ገለጻው የሚደረገው ቀትር ላይ ከሆነም በዚያው ሰዓት መሞከር ይኖርበታል።

በኮምፒዩተር የሚጻፈው የግዕዝ ፊደል ሌላም ችግር ነበረበት። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ካካተተ ወዲህ ችግሩ በአብዛኛው ተቃሏል። ሆኖም ስላይዱ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር የሚከፈት ከሆነ በዩኒኮድ መጻፍና ፊደሉ የማይለወጥበትን የፒ.ዲ.ኤፍ. ቅጅ መያዝ ከኀፍረት ያድናል።

የግዕዝ ጽሕፈት እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ስለዚህ አንድን ቃል በትልቅ ፊደል ጽፎ ማጉላት አይቻልም። የብራና ጸሐፊዎች ይህን ያሟሉት በቀለም ነው። ጽሑፉን በሙሉ በጥቁር ይጽፉና የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም እንዲሁም የምዕራፍ መጀመሪያን በቀይ ቀለም ያጎሉ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ ያለው ቀይ ጥቂት ስለ ነበረ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። በዘመናችን ስላይዶች ላይ ግን አርእስቱ ሰማያዊ፣ ነጥቦቹ ቀይ፣ ቁጥሮቹ ብርቱካናማ፣ መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሁሉም ሲጮኽ አንዱም አይሰማም። በተራራው ሥዕል ላይ ቀይ መሆን የሚገባው የ2,000 ሜትሩ መስመር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ቀይና አረንጓዴን ለይተው የማያዩ ሰዎች በየጉባኤው ሊኖሩ ስለሚችሉ ሁለት ነገሮችን በእነዚህ ሁለት ቀለማት ብቻ መለየት አይገባም፤ ስማቸው አጠገባቸው መጻፍ አለበት።

ፊደላትን ከጎን እያበረሩ ማምጣት፣ ሥዕሉን ማሽከርከርና ድምፅ መጨመር ለሕፃናት ጨዋታ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለገለጻ የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ የሚለየው ሥዕልን በደረጃ መግለጥ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ተራራ፣ ቀጥሎ ከተሞቹን፣ በመጨረሻም ወፍራሙን መስመር ማሳየት የተናጋሪውን ቃል በቅደም ተከተሉ ስለሚያጅብ ይደገፋል።

የስላይድ ብዛት ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት አይቻልም። ሁለት ስላይድ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ንግግር የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ሥዕልን በደረጃ ለሚያሳይ ሰው ደግሞ ሃያም ላይበዛ ይችላል። መመዘን የሚገባው፣ ስላይዱ ቢነሣ ንግግሩ የሚጎድለው ነገር መኖሩ ነው። ምንም የማይጎድለው ከሆነ ስላይዱ አያስፈልግም ነበር። ዝርዝር ሠንጠረዦች፣ ረጃጅም ጥቅሶችና የቁጥር ብዛት ከገለጻው በፊት ወይም በኋላ በወረቀት ቢታደሉ አንባቢው በገዛ ጊዜው ያያቸዋል።

ተናጋሪው ንግግሩን ያለ ስላይድ ማቅረብ እንዲችል ሆኖ መዘጋጀትም አለበት። መብራት ይጠፋል፤ የኮምፒዩተሩ ገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር አይገጥም ይሆናል። “ሁለት ባላ ትከል” እንደሚባለው፣ ዋናውን ሥዕል በማኒላ ወረቀት ላይ በወፍራም ቀለም ሥሎ የያዘ ሰው አይደነግጥም። ተራራውና ሁለቱ ዐምዶች በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ደቂቃ ሊሣሉ ይችላሉ። በጠመኔ ሊሣል የማይችል ስላይድ ምናልባት ከሚገባው በላይ የተወሳሰበ ነው።

በገለጻው ጊዜ ተናጋሪው ከሸራው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ አድማጩ አድርጎ ይቆማል። አዲስ ስላይድ ሲያሳይ ወዲያው መናገሩን አይቀጥልም፤ ሰዎቹ ሥዕሉን እስኪያዩ ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያም መለኪያው ምን እንደ ሆነ፣ ማለትም ወደ ላይ ያለው ከፍታ፣ በአግድም ያለው ወር መሆኑን አስቀድሞ ይገልጣል። ይህን የሚዘነጉ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው፤ ሥዕሉን እነርሱ ራሳቸው ለሳምንት ሲያዩት ስለ ከረሙ ለሌላው አዲስ መሆኑ አይታያቸውም።

በመጨረሻ ብዙዎች “አመሰግናለሁ” የሚል ቃል ከአበባ ሥዕል ጋር አድርገው ያበራሉ። ጥያቄና መልስ በሚቀጥልበት ጊዜ ሁሉ በሸራው ላይ የሚቆየው ግን ይኸው የመጨረሻው ስላይድ ነው፤ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የሚታየውም እርሱ ነው። ምስጋናውን በአፍ ተናግሮ በሸራው ላይ ሁለቱን ዐምዶች መመለስ ይሻላል። ከአድማጮቹ አንዱ ተነሥቶ ወንድሙ ወደ መተማ ሊወርድ መሆኑን ቢናገርና አጎበር የሚያስፈልገው ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ተናጋሪው ዘንጉን አንሥቶ በመስከረም ላይ ያሳርፋል።